በስሌት የወደቀው ታንከር

ሚያዝያ 20፣ 2017፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ፋብሪካ ውስጥ ለሥልጠና የታደለ ነው። ሥልጠናው ሁለት ገጽ ከተጻፈ በኋላ ተቋረጠ፤ የቀረው ገጽ ለእኔ ሆነ። የምጽፈው ዛሬ ያየሁትን ለማንም መናገር ስለፈራሁ ነው።

የታንከራችን መቆሚያ ተሰንጥቋል።

የምንኖርበት ግቢ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ የድሮ የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ነው። አሥራ አንድ ቤት በአንድ አጥር ውስጥ። መሃሉ ላይ ሃያ ሺህ ሊትር የሚይዝ የብረት ታንከር አራት ሜትር ከፍታ ባለው መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። የቧንቧ ውሃ በዚህ ሙቀት በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ እሰየው ነው፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት የምንኖረው በታንከሩ ነው። ከሥሩ ደግሞ የግቢው ብቸኛ ደህና ጥላ አለ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ጫታቸውን ይዘው በርጫ የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ውሃው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቶ ላስተካክል መሰላል ላይ ወጣሁ። ከታንከሩ ሆድ ሥር አራት ወፍራም ተሸካሚ ብረቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በሁለተኛው ብረት ታችኛው ፊት ላይ፣ ከአንድ የድሮ ብየዳ ጠርዝ ተነስቶ የሚሄድ የዝገት መስመር አየሁ። ቀጭን ነው፤ በእርሳስ የተጫረ ይመስላል። ቀለሙ ተላጦ ቢሆን ደስ ባለኝ። ዝገቱ ግን ከውስጥ ነው የሚወጣው።

ብየዳው የማን እንደሆነ አይታወቅም። የድሮ ነው።

አባባ ከሥር መሰላሉን ይዞልኝ ነበር። በባቡር ወርክሾፕ ሠላሳ አራት ዓመት በያጅ ሆኖ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም። ዝገት ነው።»

«ዝገት ምንም ነው እንዴ?» አለና ወደ ቤት ገባ።

እኔ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ዲግሪዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሥራዬ ግን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብቼ የስፌት ማሽን መርፌ መቼ እንደሚቀየር መመዝገብ ነው። ስንጥቅ ካየሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያኔም ያየሁት በሥዕል ነበር።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ፣ ሰርቪስ ውስጥ

ጠዋት ለጋሽ ቡልቻ ነገርኳቸው። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሌላ የኮሚቴ አባል የለም። በምስጢር አልኳቸው። ፎቶ ላኪልኝ አሉ። ላክሁ።

ምሳ ሰዓት። ፎቶው የግቢው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። «የኢንጂነር ኑሀሚን ግኝት» ይላል።

መውጫ ሰዓት። ሃምሳ ሦስት መልእክት። አንዱ ሲሚንቶ ይለጠፍበት ይላል። አንዷ የሚጸልዩ እጆች ልካለች። አባባ አንብቦታል፤ ምንም አልጻፈም።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ስሌት ላይ ነበርኩ። ማራገቢያው ወረቀቶቼን ሁለት ጊዜ ግቢ ውስጥ በተናቸው። ሁለተኛውን ጊዜ የሰበሰቡልኝ እትዬ ሃዎ ናቸው፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ ግድግዳ ነው የሚለየን። ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ይሄ ሁሉ ቁጥር ለአንዲት ጭረት ነው?» አሉኝ። ልጃቸው ሑዳ ሰኔ ሰባት ታገባለች። ድንኳኑ የሚተከለው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ስለ ታንከሩ ሲያወሩኝ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ዓይናቸው ግን አይለሰልስም።

የማስታውሰውን ልጻፍ። የተሰነጠቀ ብረት የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስንጥቁ ሳይታሰብ እንደ ብርጭቆ ሲሮጥ ነው። ይህ ብርድ ይወዳል፤ ድሬ ላይ በሚያዝያ ብርድ የሚፈራ የለም። ሁለተኛው ደግሞ ያልተሰነጠቀው ቀሪ ብረት ሸክሙን ብቻውን ሲይዝ፣ ሲለጠጥ፣ ሲለጠጥ፣ እንደ ሊጥ ሲሆንና ከዚያ በላይ አልችልም ሲል ነው። ያ የመጨረሻው ሸክም «ፕላስቲክ ሊሚት ሎድ» ይባላል። ብረት ጎብጦ ተመልሶ ካልተቃና እኛ ኢንጂነሮች «ፕላስቲክ ሆነ» እንላለን።

ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ለይቼ አሰላሁት። የስንጥቁን ጥልቀት ስለማላውቅ ገመትኩ። መልሱ እንዲህ ወጣ፦ ታንከሩ ግማሽ ሲሞላ ቀሪው ብረት ያበቃለታል።

ግን በየሳምንቱ እስከ አፉ እንሞላዋለን።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱም ጊዜ ወደቀ። በመስኮት ሳየው ቆሟል። ከሥሩ ጋሽ ቡልቻ ትራስ ተደግፈው ይቅማሉ።

አባባ ሻይ ይዞልኝ ገባ።

«እንዴት ሆነ?»

«እንደ ስሌቱ ከሆነ ድሮ ወድቋል።»

በመስኮት አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ለእሱስ ነግረሽዋል?» አለኝ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ስብሰባ ተደረገ። የት? ታንከሩ ሥር። ሌላ ጥላ የለም ተባለ።

በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን የተናገርኩት ሌላ፣ የተሰማው ሌላ። «ቀሪው ብረት ፕላስቲክ ይሆናል» ከማለቴ ጋሽ ቡልቻ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ። ይህ ብረት ፕላስቲክ ነው እያልሽን ነው?»

«አይ፣ ብረት ነው። ሲለጠጥ ግን ፕላስቲክ ይሆናል።»

«ብረት ፕላስቲክ ከሆነማ መጀመሪያውኑ ሲሸጥልን ተታለናል» አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ከእጄ ወጣ። ግማሹ ሰው የብረቱን ታንከር አውርደን የፕላስቲክ ታንከር እንትከል ብዬ ያመጣሁት ሐሳብ መስሎት ተከራከረ። ፕላስቲክ ውሃውን ያሞቃል፤ ፕላስቲክ ይሸታል። ሌላው ግማሽ ደገፈኝ፤ ያልኩትን ሳይሆን ያላልኩትን። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሁለቱንም አመሰገንኩ።

በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፦ ስንጥቁ በመሣሪያ እስኪታይ ድረስ ታንከሩ ከግማሽ በታች ይሞላ። ከሥሩም ማንም አይቀመጥ። ስብሰባው እዚያው ሥር በጭብጨባ ተዘጋ፤ ሽማግሌዎቹም ባሉበት ቀሩ።

አባባ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ቀና ብሎ ብረቱን ሲያይ ነበር።

ግንቦት 1፣ ዓርብ፣ ሰርቪስ ውስጥ

ግማሽ ታንከር እስከ ረቡዕ ነው የሚበቃው። ትናንት በባልዲ ታጠብኩ። ዛሬ በግማሽ ባልዲ።

በር ላይ የሰማሁት፦ «ተምረው መጥተው ውሃ ያስጠሙን።» ማን እንዳለው አላየሁም። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» የሚለኝ ድምፅ ነው።

ኻድራ እሑድ እመጣለሁ ብላለች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ ብረትን በድምፅ የሚመረምር መሣሪያ ይዛ በየፋብሪካው ትዞራለች። በነፃ ነው የምትመጣው። ምሳ ግን አጥብቃ ጠይቃለች።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ኻድራ መጣች። መሰላሉ ላይ ወጣች፤ ብረቱን ፈገፈገች፣ ቅባት ቀባች፣ መመርመሪያዋን አስጠጋች። ግቢው በሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ነፍሰ ጡር ምርመራ ጠበቀ። እትዬ ሃዎ «ወንድ ነው ሴት?» አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

«የብረቱ ውፍረት አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው» አለች ኻድራ ከላይ። «ስንጥቁ ዘጠኙን በልቷል። ሰባት ቀርቶሻል።»

እኔ የገመትኩት አሥራ ሁለት ነበር። በአንድ በኩል ደስ አለኝ። በሌላ በኩል አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢውን ያስጠማሁት በግምት መሆኑ ታወሰኝ።

ከዚያ ኻድራ ጮክ ብላ፣ እንደ ልማዷ ለማንም ሳትጠነቀቅ፣ «ከዚህ መንጠቆ ነው የተነሳው። ሲበየድ የዚያን ቀን ነው የተሰነጠቀው፣ ከዚያ ቀስ እያለ አደገ። በዚህ በሚለጠጠው ፊት ላይ መንጠቆ የበየደው ማነው አቦ? ወላሂ፣ አላዋቂ ነው» አለች።

መሰላሉን የያዘው አባባ ነበር።

«የድሮ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ይሆናሉ።»

አባባ መሰላሉን እስከ መጨረሻው ያዘ። ኻድራ ስትወርድ እጇን ይዞ አወረዳት። ምሳ ላይ ሦስት ጊዜ አጎረሳት። እሱ ግን አልበላም፤ ሆዴን ነው አለ።

አላዋቂ የሚለውን ቃል እኔ ነኝ ያስባልኳት። አስቀድሜ ልነግራት እችል ነበር። ጠዋት ስንደዋወል ስለ ምሳው አንድ ሰዓት አወራን፤ ስለ ብየዳው ምንም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ ሰርቪስ ውስጥ

አባባ ዛሬም አልበላም። የድሮ የብየዳ መነጽሩን ከሣጥን አውጥቶ ሲወለውል አገኘሁት። ምን ልታደርግበት ነው? አልኩ። ምንም አለ።

ውሃ አልቋል። ጋሽ ቡልቻ ፊት ለፊቴ ደረቅ ባልዲ ገለበጡ። ለማሳየት ነው አሉ።

እትዬ ሃዎ፦ «ለሰርጉ ሰው እጁን በምን ይታጠባል? በስሌት?»

ግንቦት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አንስቶ ሙቀቱ ግቢውን ባዶ አድርጎታል። ሁሉም ተኝቷል። ስለዚህ በእርጋታ እጽፋለሁ።

በትክክለኛው ልኬት ድጋሚ አሰላሁት። አሁን የሚወድቀው ሦስት አራተኛ ሲሞላ ነው። ያም ሆኖ ለዓመታት ሞልተነው ቆሟል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ግንባሬን ደገፍኩ። አባባ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ምን አስቸገረሽ?» አለኝ።

«ብረቱ። መውደቅ አለበት፣ አይወድቅም።»

«የተሰነጠቀው ብቻውን ነው የተሸከመው?»

«አይደለም፤ አራት ናቸው። እኔ ግን የማሰላው የተሰነጠቀውን ነው። እሱ ካበቃ አበቃ።»

ወንበሩን አስጠጋ።

«ሐዲድ ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?»

«አባባ፣ የት እሸከማለሁ?»

«በወጣትነቴ ስምንት ሆነን እንሸከም ነበር። ከመሃል አንዱ ጉልበቱ ሲከዳው ሐዲዱን አይጥልም። ይጎነብሳል፤ ግን ተሸክሞ ነው የሚጎነብሰው። ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ብትጨምሪበት አይቀበልም። የያዘውን ግን አይለቅም። የተጨመረው ወደ ጎንና ጎኑ ሰዎች ይሄዳል። እነሱ ከቻሉ ሐዲዱ መንገዱን ይቀጥላል። እነሱም ተራ በተራ ከጎነበሱ ነው ጉዱ የሚመጣው።» ወረቀቴን በጣቱ ነካ። «አንቺ የጎነበሰውን አንድ ሰው አይተሽ ሐዲዱ ወደቀ አልሽ።»

ሄጄ መጽሐፌን አመጣሁና፣ ስንማር ፈተና ላይ አይወጣም ተብሎ የዘለልነውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ደግሞም አልወጣም ነበር። እዚያ ላይ ተጽፏል። ሊሚት ሎድ ሁለት ነው፦ አንዱ ስንጥቁ አጠገብ ያለው ብረት ብቻውን የሚለጠጥበት፤ ሌላው መዋቅሩ በሙሉ የሚሸነፍበት። የመጀመሪያው ቶሎ ይደርሳል፤ በእሱ የፈረደ ሰው ቢሳሳት የሚሳሳተው ወደ ጥንቃቄ ነው። በሁለተኛው የሚፈርድ ግን ሁለት ነገር ማረጋገጥ አለበት። ጎረቤቶቹ ብረቶች በእርግጥ ሸክሙን መቀበላቸውን፤ የጎነበሰውም ሲጎነብስ ስንጥቁ እንደማይሮጥ። መጽሐፉ ይህን ለማለት አሥራ አራት ገጽ ፈጅቶበታል።

«መሃንዲስ መሆን ነበረብህ» አልኩት።

«በያጅ ነበርኩ» አለ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «መንጠቆውን የበየድኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ለዥዋዥዌሽ ነበር። ስድስት ዓመትሽ ነው። ዛሬ ካልተሰቀለ ብለሽ አለቀስሽ። ብረቱን ሳላሞቅ፣ በተገኘው የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ቸኩዬ በየድኩት። የወርክሾፕ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላደረግሁም።» ቀና አለ። «አላዋቂ ያለችው ልጅ አልተሳሳተችም። ለምን አልነገርሽኝም?»

እንዳትከፋ ብዬ ነው ማለት አልቻልኩም። «እርግጠኛ አልነበርኩም» አልኩ። መሰላሉ ላይ ያየሁት መንጠቆ ላይ የዥዋዥዌው ገመድ ቁራጭ አሁንም ተንጠልጥሏል። ቀይ ነው። ራሴ ነኝ የመረጥኩት።

ምሳ በላ። ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ፣ ሰርቪስ ውስጥ

አራቱን ብረቶች አንድ ላይ አሰላሁ። ሞልቶ ይቆማል። የሚሸነፈው ሸክሙ የሙሉ ታንከሩን አንድ ተኩል እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለኻድራ በስልክ ላክሁላት። መልሷ፦ «የብረቱን ጥንካሬ ከየት አመጣሽው?»

ከመጽሐፍ።

«ይሄ ብረት መጽሐፉን አላነበበም። ቅዳሜ መጥቼ እለካዋለሁ።»

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ኻድራ ለካች። ብረቱ መጽሐፉ ከሚለው ይደክማል። ትርፌ ከአርባ ከመቶ ወደ ሃያ ከመቶ ወረደ። የረቡዕ ሳቄን መልሼ ዋጥኩት። እንደ ብርጭቆ የሚሮጥበትንም መንገድ አብረን አሰላነው፤ ስንጥቁ በዚህ ሙቀት አይሮጥም። ይህ ብረት ለስላሳ ነው አለችኝ፤ ድካሙ ለዚህስ ጠቀመው።

ምሳ ላይ አባባ ለኻድራ መንጠቆው የእሱ መሆኑን ነገራት። ፊቷ ቀላ። «ጋሽ ክፍሉ፣ እኔ አላዋቂ ያልኩት...» ብላ ቆመች። እሱም «ያልሽው ልክ ነው፣ ብይ አሁን» አላት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሁለተኛ ስብሰባ። ፕላስቲክ የሚለውን ቃል ላለመጠቀም ምዬ ነበር። ስለ ሐዲድና ስለ ስምንት ሰዎች ተናገርኩ። ሁሉም ገባቸው። ጋሽ ቡልቻ «ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ» አሉ።

ያቀረብኩት፦ በሚቀጥለው እሑድ እንፈትነዋለን። ማንም ከሥሩ ሳይኖር፣ ቀስ በቀስ እስከ አፉ እንሞላለን። የተሰነጠቀው ብረት ጥቂት ሊጎብጥ ይችላል፤ ያ የሚጠበቅ ነው፤ ማንም እንዳይደነግጥ። ካለፈ ለሰርጉ ሦስት አራተኛ ድረስ እንሞላለን። ከሰርጉ በኋላ ባዶ አድርገን እናስጠግነዋለን። ስንጥቅ ስለሚያድግ ዘላለም አይታመንም።

ከዚያ አባባ ተነሳ። ስብሰባ ላይ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«መንጠቆውን የበየድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለልጄ ዥዋዥዌ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ውሃ የጠማው ሰው ይቅር ይበለኝ።»

ቀድሞ የተናገረው የእትዬ ሃዎ ድምፅ ነበር።

«ሑዳም ተወዛውዛበታለች» አሉ።

«የእኔም ልጆች» አለ ሌላው። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ተናዘዘ። አንዷ ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው አለች። በመጨረሻ ጋሽ ቡልቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም ሁለት ጊዜ። ሰው ሳያየኝ። ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው።»

ሰውዬው መቶ ኪሎ ናቸው። ስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም።

ግንቦት 24፣ እሑድ

የዛሬውን ሳልደባብቅ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ዙሪያውን ገመድ ዘረጋን። ሽማግሌዎቹ ምንጣፋቸውን ይዘው ገመዱ ጋ ድረስ ተጠግተው ተቀመጡ፤ አንድ ስንዝር ቢሆን እንኳ ወደ ኋላ አንልም አሉ። ኻድራ ከተሰነጠቀው ብረት አጠገብ ማስመሪያ አሰረች። የቦቴ መኪና መጣ፤ መሙላት ጀመርን።

ግማሽ። ምንም። ሦስት አራተኛ። ማስመሪያው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር። እየዞርኩ ለሰዉ አስረዳለሁ። ይህ የተለመደ ነው እላለሁ፤ ቢጎብጥም እንዳትደነግጡ፤ ጎረቤቶቹ ብረቶች ይቀበሉታል እላለሁ። ድምፄ ራሴን ደስ አሰኝቶኛል።

ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ብረቱ ጮኸ። ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ትልቅ በር በዝገት ማጠፊያው ላይ ሲከፈት እንደሚሰማው። ታንከሩ በዓይን በሚታይ ሁኔታ ወደ አንድ ጎን ዝቅ አለ።

ቀጥሎ የማስታውሰው ዋናው በር አጠገብ መሆኔን ነው። በእግሬ ላይ ያለው አንድ ጫማ ብቻ ነው። ዞሬ ሳይ ከኋላዬ ማንም የለም። ግቢው በሙሉ እኔ አትደንግጡ ባልኩት መሠረት ባለበት ቆሟል፤ የሚያየውም ታንከሩን አይደለም፣ እኔን ነው።

«ኑሀሚን» አሉ ጋሽ ቡልቻ ጫታቸውን ጉንጫቸው ላይ እንደያዙ፣ «ይጎብጣል ብለሽ አልነበረም እንዴ?»

አባባ ገመዱ ጋ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማስመሪያውን ያነባል።

«አሥራ አራት ሚሊ ሜትር» አለ። ጠበቀ። ቦቴው የቀረውን ጨመረ። «አሥራ አራት።» ሞላ፤ ከአፉ ፈሰሰ። «አሥራ አራት። ቆሟል።»

ስሌቴ አሥራ አንድ ነበር ያለው። ኻድራ ለደከመ ብረት ጥሩ ነው አለች። ሙሉ ሁለት ሰዓት እንደሞላ አቆየነው፤ ሳይነቃነቅ ዋለ። ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ አጎደልነው። ኻድራ ስንጥቁን ድጋሚ ለካች፤ አላደገም።

ጫማዬን ያመጣችልኝ ሑዳ ናት። ሙሽራ ሆና ጫማ ስታመላልስ። ሰርጉ ላይ ይህ እንደሚነገር ገባኝ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ፣ ሰርቪስ ውስጥ

ውሃ አለ። ሰው ሰላም ይለኛል።

የሚገርመው፦ ይወድቃል ባልኩ ጊዜ ከሥሩ አልነሳም ያሉት ሽማግሌዎች ቆሟል ካልኩ ወዲህ አንዳቸውም አይቀመጡበትም። አጥሩ ሥር በጠባብ ጥላ ተጨናንቀዋል። ጋሽ ቡልቻን ለምን አልኳቸው። «ሲጮህ ሰማነዋ» አሉ። ስሌት አላስነሳቸውም፤ አንድ ድምፅ አስነሳቸው። የሚቀጥለው ሪፖርቴ ድምፅ ይኖረዋል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ትናንት ሑዳ ተዳረች። ድንኳኑን ከታንከሩ ማዶ አስተከልኩ፤ እትዬ ሃዎ ሳይከራከሩኝ ተስማሙ። ሦስት መቶ የተባለው ሰው አምስት መቶ ሆኖ መጣ። ሁሉም እጁን ታጠበ። ጭፈራው ላይ አንድ ዘፋኝ ስለ ሮጠች ኢንጂነር ግጥም ሰጠ፤ ማን እንደነገረው ለማጣራት አልሞከርኩም። አባባ ይህን ግጥም ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሸለመው።

እትዬ ሃዎ ወደ ቤት ስገባ ያዙኝ። «ልጄ» አሉ፣ «ብንሞላው ኖሮ ያኔም ይቆም ነበር አይደል?»

«ይቆም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስጠማሽን?»

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ከዚያ አንድ ትሪ ሳምቡሳ ሰጡኝ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ጥገናው ተጠናቀቀ። ታንከሩ ባዶ ሆነ። ዮኒስ የሚባል የከተማው ጎበዝ በያጅ መንጠቆውን ቆርጦ አወጣ፣ ስንጥቁን እስከ ሥሩ ፈልፍሎ ሞላው፣ ከጎኑ ወፍራም ሳንቃ ብረት ደረበበት። አባባ ከሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። ዮኒስ መጀመሪያ ብረቱን ሲያሞቅ ብቻ አባባ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ዮኒስ ምሳ ሲበላ አባባ መሣሪያውን ያዘ። የድሮ መነጽሩን አደረገ። ለትንሽ ጊዜ እንደያዘ ቆየና ወደ እኔ አዞረው።

«ነይ» አለ።

«እኔ በይጄ አላውቅም።»

«ስለ ብየዳ ስትፈርጂ ከረምሽ አይደል? ነይ።»

ሁለት ቁራጭ ብረት መሬት ላይ ገጥሞ አስቀመጠልኝ። መነጽሩን ሰጠኝ፤ እሱ ፊቱን አዞረ። ኤሌክትሮዱ ሦስት ጊዜ ተጣበቀብኝ። አራተኛው ላይ በራ። «አትቸኩይ» ይለኛል ከኋላዬ፣ «አትቸኩይ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ያመጣሁትን አይተሻል።» ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስጨርስ መዶሻ ወስዶ ቅርፊቱን አራገፈ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየ። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ የእሱን ብየዳ ሳይ ፊቴ እንዴት እንደነበር አሁን ገባኝ።

«አስቀያሚ ነው» አለ። ደግሞ አየው። «ግን ስንጥቅ የለውም።»

ኪሱ ከተተው። ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ቡልቻ፣ ለእትዬ ሃዎ፣ ለዮኒስም ሲያሳይ ዋለ። ልጄ የበየደችው ነው፣ ስንጥቅ የለውም እያለ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ፣ ሰርቪስ ውስጥ

አባባ ቁራጩን በእኔ በኩል ለኻድራ ላከላት፤ በማሽኗ ትየውና ታረጋግጥ ብሎ።

አየችው። ሁለት ስንጥቅ አለው።

ለአባባ ደወልኩለት። ልክ ነህ፣ የለውም አልኩት።